ሊቀ ተዋሾች ጂራታ

በየሰፈሩ የራሱ መሰላል የሌለው፣ የሰፈሩ መሰላል ሁሉ ግን የእሱን ግድግዳ ተደግፎ የሚገኝ አንድ ሰው አለ። መዶሻ ገዝቶ አያውቅም፤ መዶሻ የጠፋበት ጎረቤት ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ሌባ እንዳይሉት፣ የሚወስደው በጠራራ ፀሐይ፣ ፈገግ ብሎ፣ የባለቤቱን ልጆች ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቆ ነው። ታማኝ እንዳይሉት፣ የወሰደው ዕቃ የመጣበትን መንገድ ይረሳል። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም የሚል አዲስ አበቤ ካለ፣ ሰውየው ራሱ ነው ማለት ነው።

በልደታ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዞ የኖረው ጂራታ ነው። ዘሀራ «ሊቀ ተዋሾች» ብላ ሾማዋለች። «ልዋስ» እና «ልዋሽ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ መሆኑን ያስተማራት እሱ ነውና ሹመቱ ይገባዋል።

ዘሀራ ከአብነት ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ የሚገኝ የቪዲዮ ማዕከል ዕቃ ኃላፊ ናት። ስቱዲዮም አሠሪም የሌላቸው፣ የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው መንገድ መቅረጽ የሚፈልጉ ሰዎች ወደዚያ ይመጣሉ። ካሜራ ይዋሳሉ፣ ኤዲቲንግ ይማራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንዱ የሠራውን ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ዕቃው ሁሉ የሚያልፈው በዘሀራ እጅ ነው። ሌንሱን ትወለውላለች፤ ገመዱን ከመዳፏ እስከ ክርኗ ጠቅልላ እንደ ሹሩባ ታስረዋለች። ከመደርደሪያዋ ላይ አንድ ነገር ሲጎድል ጥርሷ የወለቀ ያህል ምላሷ እዚያው ቦታ ላይ ሲመላለስ ይውላል። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቦርሳዋ ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አድሮ አያውቅም።

ጂራታ ደግሞ ድሮ ሠርግ ይቀርጽ የነበረ፣ አሁን «ነፃ ፊልም ሠሪ ነኝ» የሚል፣ አርባን የተሻገረ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ነፃነቱ በዋናነት ከመመለስ ነው። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ይጠርጋል፤ ዘሀራ ንጽሕና እንደምትወድ ያውቃላ! ከዚያ የእናቷን ጉልበት እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ይጀምራል።

«ዘሁዬ፣ ያቺን ትልቋን መብራት። ለአንድ ትዕይንት ብቻ። ጠዋት እጅሽ ላይ ናት! ጂራታ ይሙት!»

የየትኛው ቀን ጠዋት እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም። በራሱ ስም የሚምለውን መሐላ ብንቆጥርበት ደግሞ ጂራታ በሳምንት ውስጥ የሚሞተው ሞት ለአንድ ቀበሌ ይበቃል።

ያቺ ትልቋ መብራት ብዙ ጠዋቶች ካለፉ በኋላም አልመጣችም። ዘሀራ ያገኘቻት ፈልጋት አልነበረም። በሩቅ የምታውቃቸው አንድ አዛውንት አርፈው፣ ጂራታ ወደሚኖርበት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ቀና ስትል መብራቷ ከምሰሶው ላይ ታስራ ለሐዘንተኛው ሁሉ እንደ ቀን አብርታለታለች። ለቅሶ ላይ መብራት አይነቀል ነገር! ዘሀራ ከሥሯ ቁጭ ብላ ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት አመሸች። በንዴት ዓይኗ እንባ ሲያቀር አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን» አሏት። የሟች ወንድም ደግሞ እየዞረ፣ «ይህን ብርሃን ያመጣልን ጂራታ ነው፤ ፈጣሪ ይስጠው» ይላል። ፈጣሪ የሚሰጠውን እንጃ፣ ዘሀራ ግን የምትሰጠውን በልቧ እያዘጋጀች ነበር።

ሌላ ጊዜ የተዋናይ ፊት ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ትልቁን ብርማ ጨርቅ ወሰደ። እሱን ያገኘችው እዚያው ጠመንጃ ያዥ፣ በጂራታ ጎረቤት በእማማ መሰለች ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ በርበሬ ተሰጥቶበት ነው።

«እማማ፣ ይህ እኮ የፊልም ዕቃ ነው!» አለች ዘሀራ።

«ታዲያ እኔ የፊልም አይደለም አልኩ?» አሉ እማማ መሰለች፣ በርበሬውን በእጃቸው እያገላበጡ። «ጂራታ ነው ያመጣልኝ። ፀሐዩን ከላይም ከታችም ይሰጠዋል። ቁጭ በይ፣ እስከ ማታ ይደርቅልሻል።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጨርቅ ፊቱ የበራለት ተዋናይ ሁሉ ያስነጥሳል። አንዱ የፍቅር ትዕይንት ላይ እንዲያ ሲያስነጥስ ሰውየው እውነት አፍቅሯል ተብሎ ተጨበጨበለት።

ማይኩስ? የማይኩን ነገር ዘሀራ ስታስበው ራስ ምታቷ ይነሣል። ስልክ ደውላ «ማይኩ የት አለ?» ስትለው ጂራታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማይኩ ስብሰባ ላይ ነው» አላት፣ ስለ አንድ ሚኒስትር የሚነግራት ይመስል። የኮንዶሚኒየሙ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ኖሯል።

ማዕከሉን የመሠረቱት ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ዘሀራ አንድ ቀን መረራትና ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ያበላሹት እርስዎ ነዎት። እምቢ በይው ይበሉኝ።»

«ልጄ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «የሚዋስ ሰው ባይኖር እኛ ለምን ተፈጠርን?»

«የሚመልስ ሰው እንዲኖር ነዋ!»

ጋሽ ተክለጻድቅ በጣም ሳቁ። ዘሀራ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራሷ ሥልጣን ጂራታን ከለከለችው። እሱም አልተቀየማትም፤ በሌላ ሰው ስም መዋስ ጀመረ።

በዚህ መሐል ማሂ የምትባል ልጅ የመጀመሪያ ፊልሟን ትሠራ ነበር። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ማሂ በዚያች አውቶቡስ ላይ የእናቷን የመጨረሻ ወራት ቀረጸች፤ ጡረታ የወጣችበትንም ቀን ቀረጸች። ከተሳፋሪው ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ተማሪ ስትገስጽ፣ ነፍሰ ጡር ስታስቀምጥ፣ በመጨረሻም ሾፌሩን ስትሰናበት። ማሂ የራሷ ኮምፒውተር ስላልነበራት ሥራዋ ሁሉ ያለው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። እሷ ዲስኩን በየቀኑ ቤቷ ይዛው ለመሄድ ብትፈልግም ዘሀራ አልፈቀደችም።

«ታክሲ ውስጥ ሌባ አለ፣ ዝናብ አለ። እዚህ ከባንክ ይበልጣል» አለቻት፤ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣም ቆለፈችበት።

ፊልሙ አልቆ ሐምሌ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ሊታይ ቀን ተቆረጠለት። እናትየዋ ተጠራች፤ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿም ተጠሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ዕቃውን ስታሰናዳ ስፒከሩ የለም። የት እንዳለ ለመገመት ጠንቋይ መሄድ አላስፈለጋትም። ክፍሉን ቆልፋ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ በዚያ ጥቁር ደመና ሥር ጠመንጃ ያዥ ሄደች።

ጂራታ ቤቱ ነበር። ስፒከሩ ግን ከጎረቤት እስኪመጣ ትንሽ መጠበቅ ነበረባት። ሚስቱ ትርፌ ወንበር አቀረበችላት። ዘሀራ አልቀመጥም ብላ ቆማ ወረደችበት፤ ከለቅሶው መብራት ጀምራ በርበሬው ላይ ስትደርስ ዝናቡ ጣለ። እንዲህ ያለ ዝናብ! ቆርቆሮው ድምፅዋን ስለዋጠባት እየጮኸች መሳደብ ነበረባት፤ ጂራታም ጆሮውን በእጁ እያሰፋ «ምን አልሽ?» እያለ የስድቡን ግማሽ ሁለት ሁለቴ አስደገማት።

ስልኳ ጠራ። ማሂ ነበረች።

«ዘሀራ የት ነሽ? ቁልፉ የት ነው? ቦዩ ሞልቶ ከጀርባ እየገባ ነው! ግድግዳው…»

ዘሀራ በዚያ ዝናብ ሮጠች። ስትደርስ ማሂና ሌሎቹ በሩን በትከሻቸው ሲገፉ አገኘቻቸው። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች። ባትከፍትም ኖሮ ለውጥ አልነበረውም፤ የክፍሉ የጀርባ ግድግዳ ተንዶ ከነመደርደሪያው ወድቋል። የጎርፉ ውኃ ያንን ሁሉ የተወለወለ ዕቃ ከጭቃና ከጭድ ጋር አቡክቶታል። ካሜራ ነው ብላ ያነሣችው ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋይ ነው ብላ የጣለችው ካሜራ።

«ዲስኬስ?» አለች ማሂ።

ዘሀራ ተንበረከከች። በሁለት እጇ ጭቃውን ማሰች። ዲስኩን ያስቀመጠችበት ሦስተኛው መደርደሪያ ሥር፣ ከሥሩም ሥር ፈለገች። ያ አላህ፣ ያ አላህ እያለች ፈለገች። ምንም የለም። ቀና ስትል ማሂ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«እናቴ ያቺ አውቶቡስ ላይ ደግማ አትወጣም እኮ» አለች።

ዘሀራ እጇን ከጭቃው አወጣች። ልጅቷ ይዤው ልሂድ ስትል እምቢ ያለቻት እሷ ናት። ከባንክ ይበልጣል ያለችውም እሷ ናት። ቁልፉን ይዛ የጠፋችው… እዚህ ላይ ስትደርስ ንዴቷ መሄጃ አገኘ። እዚያ ጠመንጃ ያዥ ድረስ ማን ጎተታት? ያ ሰው! ያ የተረገመ ሰው!

ሰውየውም መጣ። ስፒከሩን ላስቲክ አልብሶ በትከሻው ተሸክሞ፣ ራሱ ግን እስከ አጥንቱ ርሶ ደጁ ላይ ቆመ። ክፍሉን አየ። ማሂን አየ።  ስፒከሩን ደረቅ ቦታ አስቀምጦ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዞሮ ሄደ። ጂራታ ሳያወራ ሲሄድ ያየ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። «የሚዋሰው ሲያልቅ እሱም አለቀ» አለች ዘሀራ በልቧ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ዘሀራ ጭቃውን በአካፋ ስትዝቅ፣ ጂራታ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠዋት መጣ። ብቻውን አልነበረም። ከኋላው ሰልፍ ተከትሎታል። የሟች ወንድም ትልቋን መብራት እንደ ታቦት በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ይዟል። የእድሩ ጸሐፊ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ይከተላል። እማማ መሰለች ያንን ብርማ ጨርቅ ዳግም ተውሰውት ኖሮ እንደ ጋቢ ተከናንበውት ይመጣሉ። ትርፌ ማከፋፈያ ገመድ በትከሻዋ፣ ሌሎች ጎረቤቶች ፕሮጀክተር፣ የካሜራ ስታንድ፣ ባትሪ፣ ቻርጀር በእጃቸው ይዘዋል። ከመሐላቸው አንዱ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

ዘሀራ አካፋዋን ጣለች።

«ይህን ካሜራ መቼ ወሰድከው?»

«የትኛውን?»

«ይህን! ትናንት ከጭቃው ውስጥ ስፈልገው የዋልኩትን!»

«እሱን እንኳ አልወሰድኩም፤ እሱን ያስወሰድኩት በሌላ ሰው ነው» አለ ጂራታ በትሕትና።

«ፕሮጀክተሩስ? ፕሮጀክተሩን የሰጠሁት ለሠፈሩ ወጣቶች ነው!»

«እነሱ ናቸዋ ለእኔ የሰጡኝ።»

ከዚያ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። በትርፌ ሻሽ የተጠቀለለ፣ ከላዩም ላስቲክ የለበሰ ትንሽ ነገር አወጣና ለማሂ ዘረጋላት። ማሂ ሻሹን ፈታች። ዲስኳ ነው። ደረቅ። ማሂ ደረቷ ላይ ለጥፋው እዚያው አካፋው አጠገብ አለቀሰች።

ዘሀራ ወደ ጂራታ ዞረች።

«ይህ ተቆልፎበት ነበር! እንዴት…?»

«ከትናንት ወዲያ ለሠፈሩ ወጣቶች ቻርጀር ስትፈልጊ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ጀርባሽን ስትሰጪን አነሣሁት» አለ ጂራታ መሬት መሬት እያየ። «ልጅቷ ኤዲት ስታደርግ በመስኮት አይቼ ነበር። መጨረሻውን ማየት አማረኝ። ስትጠይቂኝ ልትቆጪኝ ነው ብዬ… ጠዋት ልመልሰው ነበር ዘሁዬ፣ ጂራታ ይ…»

«እንዳትምል!»

«እሱን ተዪው፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ እማማ መሰለች ጣልቃ ገብተው። «አይቼ ሳበቃ ድገምልኝ አልኩት። ከዚያ እኅቴ መጣች፣ ለእሷም ደገመ። ትናንት ጎርፉን አይቶ ሲመጣ ዝም ብሎ ቁጭ አለ። ብንጠይቀው፣ ምን ብዬ ልንገራቸው አለን። ኋላ ከመሳቢያው አውጥቶ በሻሽ ሲጠቀልለው አየነው፤ ሲነጋጋ ደግሞ በየቤቱ እየዞረ የማዕከሉን ዕቃ አምጡ አለን።»

ዘሀራ ሰውየውን ማቀፍ ፈለገች። በአካፋው መምታትም ፈለገች። ሁለቱ ፍላጎቶች ጉሮሮዋ ላይ ተገናኝተው ሲጣሉ ከአፏ የወጣው፣ «ያለ ፈቃድ!» የሚል ብቻ ሆነ። ያንንም ስትል አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

ቅዳሜ ፊልሙ ታየ። የማዕከሉ ቤት በጎርፍ ስለተበላሸ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ሠርግና ተዝካር የሚደግሱበትን የጋራ ቤት ለቀቁላቸው። አንሶላ ተሰቀለ። የማሂ እናት የሥራ ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። መብራቷም፣ ማይኩም፣ ስፒከሩም ሠሩ። ፊልሙ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሴትየዋ አንሶላው ላይ ወደ ተሳፋሪው ዞራ፣ «በሉ እንግዲህ፣ መጨረሻ ነው፤ ዕቃችሁን እንዳትረሱ» ስትል፣ ከአዳራሹ መሐል አንድ ሽማግሌ ዣንጥላቸውን አንሥተው ብድግ አሉ፣ ሊወርዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናትየዋ ከወንበሯ ዞር ብላ፣ «ይቀመጡ አባት፣ እርስዎን አድርሼ ነው የምሄደው» ስትላቸው ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ሰው ሁሉ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።

ሁሉም ነገር በዚህ አምሮ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ዕቃው የት ይደር? ጋሽ ተክለጻድቅ ጠየቁ። ግድግዳው እስኪሠራ፣ ክረምቱ አልፎ እስኪደርቅ ማን ያስቀምጠው? ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ አንድ ሰው ዞረው አዩ። ዘሀራ ብቻ ጣሪያውን አየች።

የማዕከሉ ዕቃ ሁሉ ጠመንጃ ያዥ፣ ከጂራታ ሳሎን ገባ። ዘሀራም ከዚያ በኋላ ላለው ክረምት ካሜራ ሲያስፈልጋት ጠመንጃ ያዥ ድረስ ሄዳ የምትዋስ ሆነች። ይህ ብቻ ቢሆን በተሸከመችው። ሹመት ሰውን እንዴት እንደሚለውጠው! ጂራታ በሩ ላይ ይቆምና፣ «ለምን ሥራ ነው? መቼ ነው የምትመልሺው?» ይላታል። አንድ ቀን መታወቂያ ጠየቃት። ሌላ ቀን ካሜራውን ተቀብሎ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «ዘሁዬ፣ የጣት አሻራ አለበት» አላት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ብቻዋን ስታጉረመርም ረዳቱ፣ «እህቴ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ግን በዚያ ሳሎን የምታየውን አላየሁም ማለት አልቻለችም። በሩ አይዘጋም። እማማ መሰለች ሻሻቸውን አጥብቀው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመንደሩን ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡበት ስለነበረው ዘመን እየጠየቁ ይቀርጻሉ፤ መልሱ ካልጣማቸው «ውሸት ነው፣ ድገሚው» ይላሉ። የሟች ወንድም የአዛውንቱን ታሪክ ሊሠራ ኤዲቲንግ እየተማረ ነው፤ የምታስተምረው ማሂ ናት። ትርፌ ሳትቀር ስለ ባሏ አጭር ፊልም ጀምራለች፤ ርዕሱን ጠይቃት ዘሀራ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ለማንም ግን አልተናገረችም። ያ ሁሉ ዓመት ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ የኖረው ዕቃ አሁን ጠርዙ ተፋፍቋል። ገመዱን ማንም እንደ ሹሩባ አያስረውም። ዘሀራ ይህን ባየች ቁጥር ትበሳጫለች። በተበሳጨች ቁጥር ደግሞ ቁጭ ብላ አንዱን ገመድ ስትፈታ፣ አንዱን ሰው ስታሳይ ይመሽባታል።

መስከረም ጠባ። ግድግዳው በብሎኬት ተሠርቶ ተለሰነ፤ ፀሐዩም ያለ ስስት ወጣበት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ተክለጻድቅ ደወሉ።

«ልጄ፣ ክፍሉ እንዴት ሆነ? ደረቀ? ዕቃውን ከሰውየው እንሰብስብ እንጂ፤ አንቺም እኮ ተሰቃየሽ።»

ዘሀራ አዲሱን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፤ አቧራው ቡን ብሎ አስሳላት።

«ገና ነው ጋሼ» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። «እርጥበት አለው።»

ስልኩን ዘጋች። የቀሚሷን አቧራ አራገፈችና ጠመንጃ ያዥ ሄደች፤ ዛሬ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚያናድዳት እያሰበች፣ እርምጃዋን ፈጠን ፈጠን አድርጋ።